ስሙ የተፋቀ ሸክላ

ባለፈው ጥር የዘመድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ድምፅ ማጉያው ደረቴ ውስጥ ሌላ ልብ የተከለብኝ ያህል ይደልቃል። ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። አንድ የምወደው የድሮ ዘፈን ጀመረና "ይቺንስ አውቃታለሁ" ብዬ ትከሻዬን ማላላት ስጀምር፣ ቁርጥ! ሌላ ገባ። ያንንም ለመልመድ ስሞክር፣ እንደገና ቁርጥ! በሩብ ሰዓት ውስጥ የአሥራ አምስት ዘፈን መንደርደሪያ ሰማሁ፤ የአንዱንም መጨረሻ ግን አልሰማሁም። ከየወጡ አንዳንድ ጉርሻ እያስቀመሱ ሳህኑን እንደ ማንሳት ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ በጉብዝናው ዘመን ዲጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እንዲጠራም አልፈለገም። ለምን እንዳልፈለገ ወደ ኋላ ይገባችኋል። አሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ "ጋሼ" እለዋለሁ፤ አንቱታውን ግን ራሱ ከልክሎኛል። እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ከለቀቅሁ ስንትና ስንት ዓመቴ፣ እስከ ዛሬ "መምህር" ይለኛል።

"ጋሼ፣ ምን ዘመን ላይ ደረስን? ዘፈን እንኳ አያስጨርሱንም!" አልኩት።

"ልጁን ተወው፤ እግር እያየ ነው" አለኝ።

"የማንን እግር?"

"የሚጨፍረውን ሰው ነዋ! አንተ ጆሮህን ይዘህ ተቀምጠሃል። እሱ ደግሞ ለተቀመጠ ሰው አይደለም የተቀጠረው።"

እኔ አጨብጭቦ ያግዘኛል ያልኩት ሰው ተቃዋሚ ሆኖ አረፈው። ደግነቱ ነገሩ በዚያ አላበቃም። "ቅዳሜ ቤት ና፤ አንድ የማሳይህ ነገር አለ" አለኝና ተለያየን። ይህ ጽሑፍ የዚያች ቅዳሜና ከዚያ በኋላ የተከታተሉት ቅዳሜዎች ውጤት ነው።

*

እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ዲጄነትን እንደ ሙያ ቆጥሬው አላውቅም። ዘፋኝ ይዘፍናል፣ ሙዚቀኛ ይጫወታል፤ ዲጄ ግን ሰው የሠራውን ወስዶ ከመልቀቅ በቀር ምን አደረገ? እንዲህ ነበር የማስበው። አንብቤና ጠይቄ ስመለከተው ግን ሙያው የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ሊቃውንት፣ የራሱም ኃጢአት ያለው ሆኖ አገኘሁት። (ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ቀድሞ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ጭፈራ ቤት ሆኖ ነበር፤ ስሙም "ሳንክችዋሪ" ይባላል። እዚያ የሚሠራው ፍራንሲስ ግራሶ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን በማዳመጫው ይሰማና ምቱን ከምቱ ያገጣጥማል። ሁለተኛውን ሸክላ በእጁ ይዞ፣ ከሥሩ መዞሪያው እየዞረ፣ ልክ ምቱ ሲደርስ ይለቀዋል። ጨፋሪው አንዱ ዘፈን የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ሳያውቅ ይቀጥላል። ዛሬ ሚክስ የምንለው ነገር ጥበብ ሆኖ የታወቀው በእንዲህ ዓይነት እጆች ነው።

ከዚያ የምናገኘው ከጃማይካ የመጣውን ወጣት ነው። ክላይቭ ካምፕቤል ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው "ኩል ኸርክ" በሚለው ስሙ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ፣ ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ብሮንክስ ውስጥ ሴጅዊክ ጎዳና 1520 ቁጥር ባለው የመኖሪያ ሕንፃ እህቱ ሲንዲ የትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ለማግኘት ድግስ ደገሰች። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ነው። ዛሬ ሂፕ ሆፕ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ሌሊት ነው።

ኸርክ ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል። ጨፋሪዎቹ ከዘፈኑ ሁሉ አንዲት ቦታ ይጠብቃሉ። ድምፃዊው ዝም ብሎ ከበሮውና ቤዙ ብቻ የሚቀሩባትን ጥቂት ሰከንዶች። "ታዲያ የሚወዱት ይቺን ከሆነ ለምን አላረዝምላቸውም?" አለና የአንድን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ላይ ያቺ ቦታ ስታልቅ በሌላው ላይ ይጀምራታል። ሰከንዶቹ ደቂቃዎች ሆኑ። ከባርቤዶስ የተወለደው ግራንድማስተር ፍላሽ ደግሞ ይህንኑ እንደ ሰዓት ሠሪ አጠራው፤ ምቱ የሚጀምርበትን ቦታ ሸክላው ላይ በክራዮን ምልክት እያደረገ፣ የት ድረስ ወደ ኋላ እንደሚመልሰው በዓይኑ ያነብ ነበር። ማሽኑም ረድቷቸዋል። በ1972 የወጣው የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 በላስቲክ ሳይሆን ከመዞሪያው ሥር ባለ ሞተር በቀጥታ ስለሚዞር፣ እጅ ሲይዘውም ሲለቀውም ቶሎ ፍጥነቱን ያገኛል። ፋብሪካው በ2010 ማምረቱን አቁሞ፣ ጠያቂው ስለበዛ በ2016 መልሶታል።

"ጋሼ፣ አንተስ ምን ዓይነት ነበረህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

ሳቀ። "እኔማ ሁለቱም የላስቲክ ናቸው፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ያዘግማል። ጉድለቱን የምሞላው በወሬ ነበር። 'ክቡራትና ክቡራን' እያልኩ መርፌውን አነሳለሁ።"

*

የጋሼ ትምህርት ቤት ብሮንክስ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለዓመታት ሌሊቱ የወታደር ነበር። የጭፈራ ቤት ደንበኛ ሰዓቱ ሳይደርስ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋና እስኪነጋ አይከፈትም።

"ዛሬ ሙዚቃው ያልጣመው ሰው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል" አለኝ። "ያኔ የት ይሄዳል? ካስከፋኸው አብሮህ ነው የሚያድር። እኔ ሌሊቱን እንደ ወጥ ነበር የምሠራው። መጀመሪያ ቁሌት ነው፤ አይቸኮልም። ከዚያ ታፈላዋለህ። እንደፈላ አይቆይም፣ ያርራል፤ ማብረድ አለ። በመጨረሻ ደግሞ ሰው ቤቱ ሲገባ ከሚስቱ ጋር እንዳይጣላ አለስልሰህ ታወጣዋለህ።"

ምግቡን ከምሳሌው ለይቼ ሳልጨርስ ሌላ ነገር ነገረኝ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ትዝታ አጫወተ። እሱ ይወዳታል፤ ጥሩ መሸጋገሪያ አግኝቼላታለሁ ብሎም ተደስቷል። አንድ ሰው ጨለማውን አቋርጦ መጣና በጆሮው "እባክህ አውርዳት፤ ወንድሜ ይወዳት ነበር" አለው። ዘመኑ የትኛው ዘመን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። በር ዝግ ነው፤ ሰውዬው ወጥቶ እንዳያለቅስ መውጫ የለውም።

"ያን ቀን ነው ሙያ የገባኝ" አለ ጋሼ። "የምታጫውተው አንተ የምትወደውን አይደለም። እነሱ የሚወዱትንም አይደለም። ሰው በዚያ ሰዓት ሊሸከም የሚችለውን ነው።"

ለሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ምን ከምን ቀጥሎ ይነበብ በሚለው ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ስንትና ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ። እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ቤቱን ማየት ነው። ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን አኩርፏል፣ የማን ኪስ ሞልቷል፣ ማን ሐዘን ላይ ነው? የሚያወጣው ግጥም ከዚያ በኋላ ይመጣል። የኒው ዮርኩ ልጅ እግር ያያል፤ የጎንደሩ አዝማሪ ፊት ያያል። ሥራው አንድ ነው።

ሁሉም ዲጄ ግን መቁረጥና መቀጠል አይወድም። በ1970 የካቲት ወር በኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱን ከፍቶ ለወዳጆቹ ድግስ የጀመረው ዴቪድ ማንኩሶ፣ ቤቱ "ዘ ሎፍት" እየተባለ ገነነ። ይህ ሰው በኋላ ማደባለቁን ጨርሶ ተወው። ዘፈኑን ሙዚቀኛው እንደሠራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያጫውታል፤ ሲያልቅ ጸጥታውን ይተዋል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ከዚያ ሌላ ያስቀምጣል። በ2016 እስኪሞት ከዚህ አልተነቃነቀም። ይህን ስሰማ "ታዲያ በሰርጉ ላይ እኔ ነኝ ልክ!" ብዬ ጋሼ ላይ ዘለልኩበት።

"እሱም እግር ያያል። ዘፈን ባይቆርጥም ቀጥሎ የሚመጣውን ይመርጣል። ዋናው መቀሱ አይደለም መምህር፣ ምርጫው ነው" አለኝ።

*

ምርጫ ሲባል እኔንም የሚያሳፍረኝ ታሪክ አለ። ከጋሼ ጋር የተዋወቅነው በእሱ ነው።

በተማሪነቴ ዘፈን የሚገዛ ሳይሆን የሚያስቀዳ ነበር የሚበዛው። ባዶ ካሴት ይዘህ ወይም እዚያው ገዝተህ፣ የምትፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈህ ለሙዚቃ ቤቱ ትሰጣለህ፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሄደህ ትወስዳለህ። ጋሼ ሌሊት ጭፈራ ቤት፣ ቀን ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች በአንዱ ይሠራ ነበር። እኔም ስድስት ኪሎ አንዲት የክፍል ጓደኛዬን ወድጄ፣ የስልሳ ደቂቃ ካሴት ላስቀዳላት ዝርዝሬን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ወረቀቱን አነበበና አንገቱን ነቀነቀ።

"ይሄ ፍቅር አይደለም፤ ልመና ነው። አሥራ ሁለቱም ዘፈን እያለቀሰ ነው እንዴ ልጅቷን የምታገኛት?"

ግማሹን አወጣው፤ ሌላ ጨመረበት፤ ቅደም ተከተሉን ገለባበጠው። መጨረሻው ላይ እኔ ያላሰብኩትን፣ ቃል የሌለውን፣ በሳክስፎን ብቻ የሚሄድ አንድ ሙዚቃ አደረገ። ካሴቱን ሰጠኋት። ከሳምንት በኋላ መጥታ "በጣም ቆንጆ ነው፤ ማን መረጠልህ?" አለችኝ።

"እኔ" አልኩ።

ውሸቷ ትንሽ ነበረች፤ ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ታሪክ ሁሉ በእሷ ዙሪያ ይሽከረከራል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይመርጣል፣ አንዱ "እኔ" ይላል።

*

ምርጫ ድፍረትም የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ በርሊን ሄደው በተቀረጹበት ጊዜ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን አጥር በ1969 የጣሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የነበረ ሸክላ ነጋዴ ነው፤ አምሃ እሸቴ። ሕጉ እያለ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸ፤ ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት መቶ ያህል ትናንሽ ሸክላዎችና ከአሥር በላይ ትልልቆች አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣና አገር ለቆ አሜሪካ ሄደ፤ ኋላም ተመልሶ በ2021 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። አምሃ አልዘፈነም፤ መሣሪያም አልተጫወተም። መረጠ። ዛሬ ዓለም "የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን" እያለ የሚሰማው አንድ ትልቅ ክፍል የእሱ ምርጫ ነው።

ምርጫ አንድን ዘፈን ከጓዳ ወደ አዳራሽ እንደሚያወጣ የካሜሩኑ ማኑ ዲባንጎ ታሪክ ይመሰክራል። በ1972 ካሜሩን የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ለብሔራዊ ቡድኗ መዝሙር አሠራችው። ከሸክላው ጀርባ ባዶ እንዳይቀር "ሶል ማኮሳ" የሚል ሌላ ዘፈን ጨመረበት። መዝሙሩ ተረሳ። የጀርባውን ግን ያ የሎፍቱ ማንኩሶ ብሩክሊን ውስጥ በአንድ የካሪቢያኖች ሸክላ ቤት አግኝቶ ማጫወት ጀመረ። ከእሱ ሌሎች ዲጄዎች፣ ከእነሱ ሬዲዮ ወሰደው፤ በ1973 ከአሜሪካ ሰንጠረዥ 35ኛ ደረጃ ደረሰ።

እዚህ ላይ "ዲጄ ይኑር!" ብለን ብናበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን የዚያ ዘፈን ዝነኛ አዝማች በ1982 በማይክል ጃክሰን "ትሪለር" አልበም ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገባ፤ ዲባንጎ ተሟግቶ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ካሣ አገኘ። በ2007 ደግሞ በሪሃና ዘፈን ውስጥ ተመልሶ መጣና ሌላ ክርክር አስነሳ። አዝማቹን በመላው ዓለም ስንት ሚሊዮን ሰው ዘፈነው! የማን እንደሆነ ከዘፈኑት ውስጥ ስንቱ ያውቃል? ዲባንጎ በ2020 በኮቪድ ሲሞት ነው ብዙ ሰው ስሙን የሰማው።

*

ጋሼ ሊያሳየኝ የፈለገው ነገር ከአልጋው ሥር ነበር። ሁለት የካርቶን ሣጥን ሙሉ ሸክላ። አንዱን አነሳሁ፤ መሐሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት የለም። ሌላውን አነሳሁ፤ ተፍቋል። ሌላውን፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ቆጠርናቸው፤ አርባ አንድ ናቸው።

"ይሄን ማን አደረገው?"

"እኔ። ሌሎቹ ዲጄዎች በትከሻዬ እያሾለቁ ያነቡ ነበር። ዛሬ ያየውን ነገ ገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፍና ወረቀቱን እልጠዋለሁ።"

የሚገርመው፣ ኩል ኸርክም ያደረገው ይህንኑ ነው። አባቱ መክሮት፣ ተፎካካሪ እንዳያነብበት የሸክላዎቹን ወረቀት ውኃ ነክሮ ይልጥ ነበር። አንዱ ብሮንክስ፣ አንዱ ፒያሳ፤ ሳይተዋወቁ አንድ ተንኮል። ያኔ ብልጠት ነበር። አሁን ግን ጋሼ ስልሳዎቹን አጋምሶ፣ ጆሮውም እየደከመ፣ ከአርባ አንዱ ውስጥ የበዙት የማን እንደሆኑ አያስታውስም።

"ዘፈናቸው እንዲኖር አደረግሁ ብዬ ስኩራራ ኖሬ፣ ስማቸውን በእጄ ፍቄዋለሁ" አለኝ።

እሱን ለማጽናናት አፌን ስከፍት የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በመምህርነቴ መጀመሪያ ላይ መጻሕፍት ስለማይበቁ ከየደራሲው ምርጥ አንቀጽ እየቆረጥኩ በስቴንስል አባዝቼ ለተማሪ አድል ነበር። ወረቀት ለመቆጠብ ስል የደራሲውን ስም የማልጽፍበት ጊዜ ብዙ ነው። "በቃል እነግራቸዋለሁ" እላለሁ፤ አንዳንዴ እነግራለሁ፣ አንዳንዴ ሰዓት ያልቃል። ከዓመታት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በስብሰባ መሐል ተነስቶ አንድ ድንቅ ዐረፍተ ነገር ጠቀሰና "መምህራችን እንዳሉን" ብሎ ወደ እኔ እጅ ነሳ። ዐረፍተ ነገሩ የእኔ አልነበረም። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ከልጅቷ ካሴት ጀምሮ ምንም አልተሻሻልኩም ማለት ነው።

*

ስም መልሶ መጻፍ እንደሚቻል ግን ምሳሌ አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማህሙድ አህመድን ሙዚቃ በ1980ዎቹ ሰምቶ ከልቡ ገባለት። አዲስ አበባ ተመላልሶ፣ በ1997 "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። የዚያ ሥራ ዋጋ በዘፈኖቹ ብቻ አይመዘንም፤ ከሲዲው ጋር ባለችው ትንሽ መጽሐፍም ነው። ማን ሳክስፎን ነፋ፣ ማን አቀናበረ፣ በስንት ዓመት፣ ከነፎቶግራፉ። አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነበር። በ2005 ጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው ፊልሙ ያንን ሙዚቃ ሲጠቀም፣ በፊልሙ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለጓደኛው ለመንገድ ይሁንህ ብሎ ዘፈን መርጦ በሲዲ ይቀዳለታል። ልክ እንደ ፒያሳው! ከዚያ በኋላ ዓለም ሙላቱን ፈልጎ ያገኘው ስሙ ስለተጻፈ ነው። ናስና ዴሚያን ማርሌይ በ2010 ሙዚቃውን ቆርጠው ሲጠቀሙበትም፣ ሰሚው ምንጩን ለመጠየቅ የሚሄድበት ቦታ ነበረው።

እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ መርማሪ ሆንን። ከሸክላው መሐል፣ ከመጨረሻው ጭረትና ከወረቀቱ መካከል፣ ለስላሳ ቀለበት አለች። እሷ ላይ ሸክላው ሲታተም የተቧጨረች ቁጥር ትገኛለች። በእጅ ባትሪና በማጉሊያ መነጽር ስናነብ የአሳታሚውን ምልክትና ቁጥሩን አገኘን፤ በቁጥሩ ደግሞ ሰብሳቢዎችን እየጠየቅን ዘፋኙን። ከአርባ አንዱ ሃያ ስድስቱ ስም ተመልሶላቸዋል።

ግን ሌላ ነገርም ገባኝ። ያልተላጡትን ሸክላዎች ሳይ፣ ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ የድምፃዊው፣ ሲደላው የባንዱ ስም ነው። ከበሮውን የመታው፣ ቤዙን የያዘው፣ ሳክስፎኑን የነፋው ሰው መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። ጋሼ ከመፋቁ በፊት ተፍቆ ነበር። ይህ መጽናኛ ይመስላል፤ አይደለም። ፋቂዎቹ ብዙዎች ነን ማለት ብቻ ነው።

ከቀሩት አሥራ አምስት ውስጥ አንዱ ለካሴቴ መጨረሻ የተመረጠው ያ ቃል የሌለው የሳክስፎን ሙዚቃ ነው። ቁጥሩ ደብዝዞ አይነበብም። አንድ ሁለት አንጋፋ ሙዚቀኞችን ጠየቅን፤ አንዱ "የእገሌ ትንፋሽ ነው" አለን፤ ሌላው "በጭራሽ!" አለ። ስለዚህ አልጻፍንም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የተሳሳተ ስምም እንዲሁ ይውላልና።

ይህን ጽሑፍ ሳጠናቅቅ "ጋሼ፣ ስምህን ላድርገው?" ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅሁት።

"የሰዎቹ ሳይጻፍ የእኔ አይቀድምም" አለኝ። "አንተ ግን ለዚያች ልጅ የመረጥኩት እኔ እንዳልሆንኩ የነገርካትን አስተካክል።"

ልጅቷ ዛሬ አያት ሆናለች፤ ከአገር ውጭ ናት። ደወልኩላት። ብዙ ሳቀች። ካሴቱ አሁንም እንዳላት፣ ማጫወቻ ግን እንደሌላት ነገረችኝ። ከዚያም "የመጨረሻው፣ ያ የሳክስፎኑ፣ የማን ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

እየፈለግን ነው አልኳት።